የጋራዥ በር በባሕር ዳርቻ ቤቶች

በባሕር ዳርቻ ቤቶች የጋራዥ በር ማለት ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘውን የመኪና ማቆሚያ ክፍል የሚዘጋ፣ ኃይለኛ ነፋስንና ጨዋማ አየርን እንዲቋቋም ታስቦ የሚመረጥ ትልቅ በር ነው። በብዙ ቤቶች ላይ ከመክፈቻዎች ሁሉ ሰፊው ይህ በር ስለሆነ በአውሎ ነፋስ ጊዜ የቤቱ ደካማ ጎን ሊሆን ይችላል። በሩ ከተሰበረ ነፋሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ጣራውን ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ የበሩ ምርጫ ከመልክና ከዋጋ አስቀድሞ የጣራውንና በቤቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ደኅንነት የሚመለከት ጉዳይ ነው።

«ጋራዥ» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ በብዛት የሚያገለግለው ለመኪና ጥገና ቤት ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን የመኖሪያ ቤት አካል የሆነውን የመኪና ማቆሚያ ክፍል ያመለክታል። በኢትዮጵያ ከተሞች መኪና አብዛኛውን ጊዜ በግቢ ውስጥ ስለሚቆም መኪና የሚገባበት በር የግቢው የላሜራ በር ነው፤ ነፋስ ቢጥለው ቤቱ አይነካም። በዩናይትድ ስቴትስ ግን ጋራዡ ከቤቱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ስለሚሠራ በሩ እንደ ግድግዳ ሆኖ ያገለግላል። በዚህ ረገድ ብዙ ልምድና ጥብቅ ሕግ ካላቸው ቦታዎች አንዱ የፍሎሪዳ ግዛት ነው። ጽሑፉ በዋናነት የሚመለከተውም የፍሎሪዳን የባሕር ዳርቻ ነው።

## አሠራር

በመኖሪያ ቤቶች ላይ በብዛት የሚታየው ባለ ክፍልፋይ በር ነው። በሩ ከአራት ወይም ከአምስት አግድም ፓነሎች የተሠራ ሲሆን ፓነሎቹ እርስ በርስ በማጠፊያ ይያያዛሉ። በሁለቱ ጎኖች ያሉት ትናንሽ መንኮራኩሮች (ሮለሮች) በሀዲድ ውስጥ ይሽከረከራሉ። ሀዲዱ በመቃኑ ጎን ቀጥ ብሎ ይወጣና ከኮርኒሱ ሥር ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በሩ ሲከፈት ፓነሎቹ አንድ በአንድ እየታጠፉ ከኮርኒሱ በታች ይተኛሉ።

የበሩን ክብደት የሚሸከመው በዋናነት ሞላው (ስፕሪንጉ) እንጂ ሞተሩ አይደለም። ሞላው ከበሩ በላይ ባለ ዘንግ ላይ ተጠምዝዞ ይቀመጣል፤ በበሩ ታችኛ ማዕዘኖች ላይ በታሰሩ ሁለት የብረት ገመዶችም በሩን ያነሳል። ሞላው በትክክል ሲስተካከል ከባድ በር እንኳ በአንድ እጅ ይነሳል።

ለአንድ መኪና የሚሆን በር ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 9 ጫማ (2.4 ወይም 2.7 ሜትር) ነው። ለሁለት መኪና የሚሆነው ደግሞ 16 ጫማ (4.9 ሜትር ገደማ) ይሰፋል። የተለመደው ቁመት 7 ጫማ (2.1 ሜትር) ነው። ከባለ ክፍልፋዩ ሌላ፣ በከተማ ሱቆች ላይ እንደሚታየው እየተጠቀለለ የሚከፈት የብረት በርም አለ፤ በመኖሪያ ቤት ላይ ግን ብዙም አይታይም።

## ታሪክ

የመጀመሪያዎቹ የመኪና ቤቶች በሮች ከሠረገላ ቤት የተወረሱ፣ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ባለ ሁለት ክንፍ የእንጨት በሮች ነበሩ። አሜሪካዊው ሲ. ጂ. ጆንሰን በ1921 እ.ኤ.አ. ወደ ላይ የሚነሳ ባለ ክፍልፋይ በር፣ በ1926 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መክፈቻ አስተዋወቀ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ጋራዥ በአሜሪካ የመኖሪያ ሰፈሮች ተስፋፋ፤ የሁለት መኪና ሰፊ በርም የተለመደ ሆነ። በሩ እየሰፋ ሲሄድ ቀለል ብሎ እንዲከፈት ከስስ ብረት መሠራቱ ለነፋስ ደካማ አደረገው።

የአመለካከት ለውጥ ያመጣው አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ነው። አንድሩ በነሐሴ 24 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. ከማያሚ በስተ ደቡብ፣ በሆምስቴድ ከተማ አካባቢ የፍሎሪዳን ምድር መታ። በ2002 በተደረገ ዳግም ጥናት የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 265 ኪ.ሜ. ገደማ እንደ ነበረና ማዕበሉ ከፍተኛው ማለትም 5ኛ ደረጃ እንደሚሰጠው ተወሰነ። ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ወደሙ። የአገሪቱ የድንገተኛ አደጋ አስተዳደር ድርጅት (ፌማ) ከአደጋው በኋላ የላካቸው ባለሙያዎች ነፋስ ወደ ቤት ከገባባቸው መንገዶች መካከል የጋራዥ በሮች መሰበር አንዱ መሆኑን አመለከቱ።

ከዚህ በኋላ የደቡብ ፍሎሪዳ የሕንፃ ሕግ ተሻሽሎ በ1994 ሥራ ላይ ዋለ። በመላ ግዛቱ የሚሠራው የፍሎሪዳ የሕንፃ ሕግ ደግሞ ከመጋቢት 1 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ።

## የነፋስ ኃይል

### በሩ ሲሰበር የሚደርሰው ጉዳት

ነፋስ በቤት ላይ ሲነፍስ ፊት ለፊት የሚመታውን ግድግዳ ወደ ውስጥ ይገፋል። በጣራው ላይ፣ በጎንና በጀርባ ባሉ ግድግዳዎች ላይ ግን ወደ ውጭ የመሳብ ኃይል ይፈጥራል። ቤቱ ተዘግቶ እስካለ ድረስ ጣራው የሚታገለው ከላይ የሚስበውን ኃይል ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ነፋሱ የሚመታው የጋራዥ በር ከተሰበረ ግን አየር ወደ ውስጥ ገብቶ የሚወጣበት ስለማያገኝ የውስጡ ግፊት ከፍ ይላል። በዚያን ጊዜ ጣራው ከላይ እየተሳበ ከታችም ይገፋል።

መሐንዲሶች ይህን በቁጥር ያስቀምጡታል። በአሜሪካ የሕንፃ ጭነት መለኪያ መሠረት ለተዘጋ ሕንፃ የሚያዘው የውስጥ ግፊት መጠን 0.18 ነው። ከፊሉ ክፍት ለሆነ ሕንፃ ግን 0.55 ይሆናል፤ ይህም ሦስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ለተዘጋ ቤት ተሰልቶ የታሰረ ጣራ ይህን ተጨማሪ ኃይል ላይችል ይችላል።

«መስኮት ከፍቶ ግፊቱን ማመጣጠን ይበጃል» የሚለው የቆየ እምነት ስሕተት የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ክፍት መስኮት እንደ ተሰበረ በር ነፋስን ያስገባል።

### የግፊቱ መጠን

የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሜትር በሰከንድ የተለካው ፍጥነት ካሬ በ0.613 ሲባዛ መነሻው ግፊት በፓስካል ይገኛል። ይህ ስሌት 4.9 ሜትር በ2.1 ሜትር በሆነ የሁለት መኪና በር ላይ (10.4 ካሬ ሜትር ገደማ) ሲሠራ የሚከተለውን ይሰጣል፦

• በሰዓት 108 ኪ.ሜ. (30 ሜ/ሰ)፦ 550 ፓስካል ገደማ፤ በበሩ ላይ የ580 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት።
• በሰዓት 162 ኪ.ሜ. (45 ሜ/ሰ)፦ 1,240 ፓስካል ገደማ፤ የ1,300 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት።
• በሰዓት 216 ኪ.ሜ. (60 ሜ/ሰ)፦ 2,200 ፓስካል ገደማ፤ የ2,300 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት።
• በሰዓት 270 ኪ.ሜ. (75 ሜ/ሰ)፦ 3,450 ፓስካል ገደማ፤ የ3,650 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት።

እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ብቻ ናቸው። ትክክለኛው የንድፍ ግፊት የሚወሰነው በቤቱ ከፍታ፣ በአካባቢው ግልጽነት፣ በበሩ ስፋትና በሩ ለሕንፃው ማዕዘን ባለው ቅርበት ነው። ፊቱን ወደ ባሕር ያዞረ ቤት ነፋሱን የሚገታ ዛፍም ሆነ ሕንፃ ስለሌለው፣ ከባሕሩ ርቆ በሰፈር መካከል ካለ ተመሳሳይ ቤት የበለጠ ጠንካራ በር ያስፈልገዋል።

### ስፋትና ድክመት

ሰፊ በር በቀላሉ የሚሰበረው ብዙ ነፋስ ስለሚያርፍበት ብቻ አይደለም። ፓነሉ በሁለት ጫፎቹ ብቻ እንደ ተደገፈ ጣውላ ነው። ርዝመቱ በእጥፍ ሲጨምር፣ በተመሳሳይ ግፊት መካከሉ ላይ የሚያርፈው የመጉበጥ ኃይል አራት እጥፍ፣ የሚጎብጠው መጠን ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንድ የ16 ጫማ በር ከሁለት ባለ 8 ጫማ በሮች ይልቅ እጅግ ብዙ ማጠናከሪያ ይፈልጋል። አዲስ ቤት ሲነደፍ በአንድ ሰፊ በር ፋንታ በመካከላቸው ምሰሶ ያላቸው ሁለት ጠባብ በሮች ማድረግ የበሩን ጥንካሬ ለማሳደግ ቀላሉ መንገድ ነው።

በሩ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ፓነሉ ተቀድዶ አይደለም። መካከሉ ሲጎብጥ ሁለቱ ጫፎች ወደ ውስጥ ይሳባሉ፤ ሮለሮቹም ከሀዲዱ ይወጣሉ። ወይም ሀዲዱን ከመቃኑ ጋር ያያዙት ብሎኖች ይነቀላሉ። ነፋስን ለመቋቋም የተሠሩ በሮች ይህን ለመከላከል ከፓነሉ ጀርባ አግድም የብረት ማጠናከሪያዎች፣ ወፈር ያለ ብረት፣ ረጅም ዘንግ ያላቸው ሮለሮች፣ ወፍራም ሀዲድና ተቀራርበው የተተከሉ መያዣዎች አሏቸው።

## ሕግና የፈተና ሥርዓት

በፍሎሪዳ የጋራዥ በር መተካት የግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አዲሱ በርም ቤቱ በተሠራበት ዘመን የነበረውን ሳይሆን አሁን የሚሠራውን ሕግ ማሟላት አለበት። ማያሚ-ዴድና ብራዋርድ የተባሉት ሁለቱ የደቡብ አውራጃዎች «ከፍተኛ ፍጥነት ያለው የአውሎ ነፋስ ቀጠና» ተብለው በልዩ ደንብ ይተዳደራሉ። ለመደበኛ መኖሪያ ቤት የተያዘው የንድፍ ፍጥነት በማያሚ-ዴድ በሰዓት 175 ማይል (282 ኪ.ሜ. ገደማ)፣ በብራዋርድ 170 ማይል (274 ኪ.ሜ. ገደማ) ነው።

አንድ በር በእነዚህ አውራጃዎች እንዲሸጥ በቤተ ሙከራ በሦስት መንገድ ይፈተናል። አንደኛው የቆመ ግፊት ነው፤ በሩ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይገፋል። ሁለተኛው የምት ፈተና ነው፤ 9 ፓውንድ (4.1 ኪሎ ግራም ገደማ) የሚመዝን የግንባታ እንጨት በአየር መድፍ በሰከንድ 15 ሜትር ፍጥነት ይተኮስበታል። እንጨቱ በአውሎ ነፋስ ጊዜ ከፈረሱ ጣራዎች ተነቅለው የሚበሩትን ማገሮች ይወክላል። ሦስተኛው ደግሞ ተደጋጋሚ ግፊት ነው፤ በእንጨቱ የተመታው በር ግፊቱ እየጨመረና እየቀነሰ ብዙ ጊዜ ይፈተናል። አውሎ ነፋስ በሰዓታት ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ ስለሚገፋና ስለሚስብ አንድ ጊዜ መቻል ብቻውን አይበቃም።

ያለፈው በር ከማያሚ-ዴድ አውራጃ የተቀባይነት ማረጋገጫ ይሰጠዋል። ለቀረው የግዛቱ ክፍል የፍሎሪዳ የምርት ማጽደቂያ ቁጥር በቂ ነው። ማረጋገጫው ከበሩ ጋር ሀዲዱን፣ ሮለሩን፣ ማጠፊያውን፣ የብሎኖቹን ዓይነትና ርቀት እንዲሁም መቃኑ ከግድግዳው ጋር የሚያያዝበትን መንገድ ጭምር በሥዕል ያስቀምጣል። ስለዚህ የጸደቀ በር በአሮጌ ሀዲድ ላይ ከተተከለ ማረጋገጫው ዋጋ የለውም።

በበሩ የውስጥ ገጽ ላይ በሚለጠፈው መለያ የአምራቹ ስም፣ የሞዴሉ ቁጥር፣ የተፈተነበት መለኪያና የንድፍ ግፊቱ ይገኛሉ። ግፊቱ በሁለት ቁጥሮች ይጻፋል። የመደመር ምልክት ያለው ነፋሱ በሩን ወደ ውስጥ ሲገፋ፣ የመቀነስ ምልክት ያለው ደግሞ ወደ ውጭ ሲስበው የሚችለው ኃይል ነው። ሁለቱም ለቤቱ ከተሰላው ግፊት ጋር እኩል መሆን ወይም መብለጥ አለባቸው።

የፍሎሪዳ ሕግ የመድን ድርጅቶች ነፋስን የሚቋቋሙ ማሻሻያዎችን ላደረገ ባለቤት የዓረቦን ቅናሽ እንዲያቀርቡ ያዛል። ቅናሹ የሚሰጠው ፈቃድ ያለው መርማሪ ቤቱን አይቶ በሚሞላው ቅጽ ነው። የግዛቱ ምክር ቤት በ2006 ያቋቋመውና በ2022 ዳግም በጀት የመደበለት «ማይ ሴፍ ፍሎሪዳ ሆም» የተባለ ፕሮግራምም ቤታቸውን ለሚያጠናክሩ ባለቤቶች ምርመራና የገንዘብ እገዛ ይሰጣል።

## ጨውና ዝገት

ነፋሱን የቻለ በር በጨው ሊሸነፍ ይችላል። የባሕር ውኃ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል። ማዕበል ሲሰበር ወደ አየር የሚወጡት ጥቃቅን ጠብታዎች በነፋስ ተወስደው በቤቶች ላይ ያርፋሉ። ብዙዎቹ ከባሕሩ ጠርዝ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ስለሚወድቁ፣ በውኃው ፊት ያለ ቤትና ከኋላው ብዙ መንገዶች አልፎ ያለ ቤት የሚደርስባቸው ጉዳት እኩል አይደለም።

ጨው ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ መሟሟት ይጀምራል። በሞቃታማ የባሕር ዳርቻ ሌሊቶች ይህ መጠን ብዙ ጊዜ ስለሚታለፍ ዝናብ ባይዘንብም ብረቱ እርጥብ ሆኖ ያድራል። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ደግሞ አሉሚኒየምና አይዝጌ ብረት ራሳቸውን የሚጠብቁበትን ስስ ልባስ እየበሳ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይፈጥራል።

ዝገት የሚፈጥንበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው የተለየ ነው። የበሩ የውጭ ገጽ ዝናብ ስለሚያጥበው ጨው አይከማችበትም። በክዳኑ ሥር የተጠለለው የላይኛው ክፍል፣ በደፉ ላይ የሚያርፈው የታችኛው ጠርዝና በውስጥ በኩል ያሉት ማጠፊያዎች ግን ዝናብ አያገኛቸውም። ስለዚህ ከውጭ ሲታይ አዲስ የሚመስል በር ከውስጥ የገመድ መያዣው ተበልቶ ሊገኝ ይችላል።

ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨዋማ እርጥበት ሲነካኩ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ አንደኛው በፍጥነት ይበላል። ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ በትልቅ አይዝጌ ብረት ላይ ከተያያዘ ቶሎ ያልቃል። ትንሽ የአይዝጌ ብረት ብሎን በሰፊ አሉሚኒየም ላይ ሲሆን ግን ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ በመካከላቸው የፕላስቲክ ሮንዴላ ሲገባ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። የመቃኑ እንጨት ከምስጥና ከብስባሴ እንዲጠበቅ መዳብ ባለበት መድኃኒት የተነከረ ከሆነ ተራ ብሎን ስለሚበላ፣ ወፍራም የዚንክ ልባስ ያለው ወይም የአይዝጌ ብረት ብሎን ይመረጣል።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የአየርን የማዝገት ኃይል ከ«ሲ1» እስከ «ሲ5» ይመድበዋል፤ ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ «ሲኤክስ» የሚል ምድብ አለው። በባሕር ጠርዝ ያሉ ቦታዎች በከፍተኛዎቹ ምድቦች ውስጥ ይወድቃሉ።

## የበሩ ቁሶች

• ዚንክ የተለበሰ ብረት፦ ጠንካራና በአንጻሩ ርካሽ ስለሆነ ከፍተኛ ግፊት የሚችሉ ብዙ በሮች የሚሠሩት ከእርሱ ነው። ዚንኩ በብረቱ ፋንታ እየተበላ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ዕድሜው ከልባሱ ውፍረት ጋር ይያያዛል። «ጂ90» የሚል ምልክት ያለው ቆርቆሮ በሁለቱም ገጽ በድምሩ 275 ግራም ዚንክ በካሬ ሜትር ይይዛል፤ «ጂ40» ግን ከዚህ ግማሽ በታች ነው። ቀለሙ ተፍቆ ዚንኩ የተነካበትና በጥርብ የተቆረጠበት ጠርዝ ዝገት የሚጀምርበት ነው።

• አሉሚኒየም፦ ቀይ ዝገት የለውም፤ ቀላልም ነው። ከብረት ሦስት እጥፍ ያህል በቀላሉ ስለሚታጠፍ ግን ተመሳሳይ ግፊት ለመቻል ወፈር ያለ ክፈፍ ወይም ተጨማሪ ማጠናከሪያ ይፈልጋል። በእጅ ቢገፋ ወይም ኳስ ቢመታው ይሰረጎዳል።

• ፋይበር ግላስና ፒቪሲ፦ ጨው አይነካቸውም። ብዙ ጊዜ በብረት ክፈፍ ላይ የሚለበጡ ሽፋኖች ስለሆኑ የውስጡ ብረት ጥበቃ መታየት አለበት። የፀሐይ ጨረር በጊዜ ብዛት ቀለማቸውን ያደበዝዛል፤ አንዳንዶቹም ይሰነጠቃሉ።

• እንጨት፦ ራሱ አይዝግም፤ ነገር ግን እርጥበት እየመጠጠ ይከብዳል፣ ይጣመማል። ክብደቱ ሲለዋወጥ የሞላው ሚዛን ይዛባል። ቀለሙም ቶሎ ቶሎ መታደስ አለበት።

በመካከሉ ፎም የተሞላ ባለ ሁለት ገጽ ፓነል ከአንድ ገጽ ፓነል ይልቅ አይጎብጥም፤ ሙቀትም ይቀንሳል። መስታወት ያለው በር ከተፈለገ መስታወቱም ከበሩ ጋር የምት ፈተና ያለፈ መሆን አለበት።

ሃርድዌሩ ከፓነሉ ያላነሰ ትኩረት ይፈልጋል። በባሕር ጠርዝ ላይ ለማጠፊያ፣ ለገመድና ለብሎን የሚመረጠው «316» የሚባለው አይዝጌ ብረት ነው። በውስጡ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያለው ሞሊብዲነም ከተለመደው «304» ይልቅ ጨውን እንዲቋቋም ያደርገዋል። የሮለሮቹ መንኮራኩር ናይለን፣ ኩሽኔታውም የታሸገ ቢሆን ይመረጣል።

## ሞላ፣ ገመድና ሞተር

ተራ ሞላ የሚሠራው 10,000 ጊዜ ከፍቶ ለመዝጋት ነው። በቀን አራት ጊዜ የሚከፈት በር ይህን ቁጥር ሰባት ዓመት ሳይሞላ ይጨርሳል። ዝገት በሞላው ላይ የሚፈጥራቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች የስንጥቅ መነሻ ስለሚሆኑ በባሕር ዳርቻ ዕድሜው ከዚህም ያጥራል። ስለዚህ ዚንክ ወይም የዱቄት ቀለም የተለበሰና ለ20,000 ወይም ለ25,000 ጊዜ የተሠራ ሞላ ይመረጣል። ማጠናከሪያ የተጨመረበት በር ከበፊቱ ስለሚከብድ የአሮጌውን በር ሞላ መልሶ መጠቀም አይቻልም።

የተጠመዘዘ ሞላና የተወጠረ ገመድ ከፍተኛ ኃይል ያመቁ ስለሆኑ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሊፈታቸው አይገባም፤ በዚህ ምክንያት ከባድ ጉዳት የደረሰባቸውና የሞቱ ሰዎች አሉ።

በአሜሪካ ከጥር 1 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተመረተ የመኖሪያ ቤት በር መክፈቻ ሁሉ ሰው ወይም ዕቃ ሲያገኝ ተመልሶ የሚከፍት መከላከያ እንዲኖረው ሕግ ያዛል። በብዛት የሚሠራበት በደፉ አጠገብ ከወለሉ ከ15 ሴ.ሜ. ባልበለጠ ከፍታ የሚተከል የብርሃን ዳሳሽ ነው። በአውሎ ነፋስ ጊዜ መብራት ስለሚጠፋ የመጠባበቂያ ባትሪ ያለው ሞተር ይጠቅማል። ካሊፎርኒያ በ2017 ከደረሰው የሰደድ እሳት በኋላ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ይህን ባትሪ ግዴታ አድርጋለች። በእጅ ለመክፈት የሚያገለግለው ቀይ ገመድ የት እንዳለና እንዴት እንደሚሳብ የቤቱ ሰዎች ሁሉ ሊያውቁ ይገባል።

## ጎርፍ

አውሎ ነፋስ የባሕሩን ውኃም ወደ ምድር ይገፋል። በመስከረም 28 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ኢየን የተባለው አውሎ ነፋስ በፎርት ማየርስ ቢች ከመሬት በላይ ከ3 እስከ 4.5 ሜትር የደረሰ ውኃ አምጥቷል። እንዲህ ያለውን ውኃ በጋራዥ በር ማስቆም አይቻልም።

የአሜሪካ የጎርፍ ደንብ የሚከተለው መንገድ ውኃውን ማስገባት ነው። ከጎርፍ ከፍታ በታች ያለ ጋራዥ ውኃ ራሱ ገብቶ የሚወጣባቸው ቢያንስ ሁለት ክፍተቶች ያስፈልጉታል፤ ከውስጥና ከውጭ ያለው ውኃ እኩል ሲሆን ግድግዳው አይፈርስም። የክፍተቱ መጠን በእያንዳንዱ ካሬ ጫማ ወለል 1 ካሬ ኢንች ነው። 40 ካሬ ሜትር ለሆነ ጋራዥ ይህ በድምሩ 2,800 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የክፍተቱ የታችኛው ጠርዝ ከመሬቱ ከ1 ጫማ (30 ሴ.ሜ. ገደማ) በላይ መሆን የለበትም። በሩን ሰው ሊከፍተው ስለሚችል ብቻ እንደ ክፍተት አይቆጠርም፤ የጎርፍ ማሳለፊያ በበሩ ፓነል ላይ ከተገጠመ ግን ይቆጠራል። ይህ ሲደረግ የበሩ የነፋስ ማረጋገጫ ማሳለፊያውን የሚያካትት መሆኑ መታየት አለበት።

## የአመራረጥ ቅደም ተከተል

1. ለቤቱ የተሰላው የንድፍ ግፊት፣ በመደመርም በመቀነስም፣ ከአካባቢው የሕንፃ ጽሕፈት ቤት ወይም ከመሐንዲስ ይታወቃል።
2. ቤቱ ከባሕሩ ያለው ርቀትና የጎርፍ ቀጠናው ይለያል።
3. መቃኑና የተያያዘበት ግድግዳ ይመረመራሉ። የበሰበሰ መቃን ሳይተካ አዲስ በር አይተከልም።
4. ግፊቱን የሚያሟሉ የጸደቁ በሮች ከነማረጋገጫ ቁጥራቸው ይዘረዘራሉ።
5. ከእነዚህ መካከል ለጨው የሚስማማው ቁስ፣ ልባስና ሃርድዌር ይመረጣል። አንዳንድ አምራቾች በባሕር ጠርዝ ለሚተከል በር ዋስትናቸውን ስለሚያሳጥሩ የዋስትናው ጽሑፍ ይነበባል።
6. የሞላው ዓይነትና የሞተሩ አቅም በአዲሱ ክብደት ልክ ይወሰናል።
7. መልክ፣ ቀለምና መስታወት የሚመረጡት ከዚህ በኋላ ነው።

በሩን ወዲያው መተካት ያልቻለ ባለቤት በነበረው በር ጀርባ የሚገጠም የቁም ማጠናከሪያ መጠቀም ይችላል። አንዳንዱ ዓይነት ማዕበል ሲቃረብ ብቻ በሰው እጅ ከወለሉና ከበሩ በላይ ካለው ግድግዳ ጋር የሚታሰር ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ከቤቱ ርቆ በሚገኝበት ጊዜ ጥበቃ አይሰጥም።

## እንክብካቤ

በሩ በየወሩ፣ በውኃው ፊት ላለ ቤት ደግሞ በየሳምንቱ፣ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ዝናብ የማያገኛቸው የላይኛውና የታችኛው ጠርዞች በተለይ ይታጠባሉ። የውስጥ ማጠፊያዎች በእርጥብ ጨርቅ ተወልውለው ከደረቁ በኋላ ሞላውና ኩሽኔታው ይቀባሉ። የተፋቀ ቀለም ዝገት ሳይጀምር ይጠገናል።

የሞላውን ሚዛን ለማየት በሩ ተዘግቶ ሞተሩ ይላቀቅና በሩ በእጅ እስከ ግማሽ ይነሳል። ሲለቀቅ በቦታው ከቆመ ሚዛኑ ትክክል ነው፤ ከወረደ ወይም ከወጣ ባለሙያ ያስፈልገዋል። በፍሎሪዳ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 እ.ኤ.አ. ስለሆነ የሀዲድ ብሎኖች፣ የገመድ መያዣዎችና መቃኑ ከሰኔ በፊት ይፈተሻሉ።